የ50 ኸርዝ ረብሻ ሲግናሌን እየዋጠብኝ ነው፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በፓች ክላምፕ (የሴልን ከረንት በቀጭን የመስታወት ፒፔት በመለካት ዘዴ) የሠራችሁ ካላችሁ ላማክራችሁ።

በሴል ሽፋን ላይ ባለ አንድ የፖታሲየም ቻናል (ፖታሲየም የሚያሳልፍ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ) የሚያልፈውን ከረንት መለካት እፈልጋለሁ። ሲግናሉ ጥቂት ፒኮአምፔር (የአምፔር ትሪሊዮንኛ) ብቻ ነው። ሳይንቲስቶቹ ኔር እና ሳክማን እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን የመሰለ ከረንት ለመጀመሪያ ጊዜ ማሳየታቸው አሁንም ይደንቀኛል።

ችግሩ ይሄ ነው። የአምፕሊፋየሩ ሄድስቴጅ (ፒፔቱ የሚሰካበት ክፍል) ብቻውን ፋራዳይ ኬጁ (የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚከላከለው የብረት ሳጥን) ውስጥ ሲሆን መስመሩ ጸጥ ይላል። ፒፔቱ ጨዋማው ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ግን ከመብራት መስመር የሚመጣው የ50 ኸርዝ ሞገድ ይመጣል። ቻናሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ጭራሽ አይለይም።

የማይክሮስኮፑን መብራት አጠፋሁ። ፓምፑን ከሶኬት ነቀልኩ። ብረት የሆነውን ሁሉ ከአንድ ግራውንድ ጋር አገናኘሁ። ኤሌክትሮድ የሆነውን የብር ሽቦ እንደገና ክሎራይድ ቀባሁት። ለውጥ የለም።

ሄድስቴጁ ውስጥ ከረንቱን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይረውን የፊድባክ ሬዚስተር አልጠረጥርም። 50 ጊጋኦም ስለሆነ የሙቀት ኖይዙ በ1 ኪሎኸርዝ ባንድዊድዝ 0.02 ፒኮአምፔር ገደማ ነው። ኖች ፊልተር (50 ኸርዝን ለይቶ የሚቆርጥ ማጣሪያ) አድርግ ያሉኝ አሉ። እኔ ግን አልፈልግም፤ የከረንቱን ደረጃዎች ቅርጽ ያበላሻል።

የቀረኝ ጥርጣሬ ከኬጁ ውጭ የሚመጣው የፈሳሽ ቱቦ ነው። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ እንደ አንቴና እየሠራ ይሆን? ግሉኮስ ሲሰጥ እንደምናየው፣ ፈሳሹ መሀል ላይ በጠብታ እንዲቋረጥ ባደርግ ይሻላል? ወይስ ቱቦውን ኬጁ መግቢያ ላይ ግራውንድ ላድርገው? ሞክሮ የተሳካለት ካለ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።