ምሽት ምሽት የአባቴን ሬዲዮ የሚረብሸው ምንድን ነው?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ሲሆን፣ ማታ ማታ የአጭር ሞገድ ዜና ሳያዳምጡ አይተኙም። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን ቀን ቀን ደኅና የሚሠራው ሬዲዮ ልክ ሲመሽ እንደ ንብ መንጋ መጮኽ ጀምሯል። ጣቢያውን ብናስተካክል፣ የባትሪ ድንጋዩን ብንቀይር ለውጥ የለም። ጩኸቱ የተሰማው አምፖሎቹን በሙሉ በኤልኢዲ በቀየርንበትና የኤሌክትሪክ ምጣድ በገዛንበት ወር ስለሆነ፣ እናቴ ጥፋቱን በምጣዱ ላይ አድርገዋል። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ «አርጅቷልና ጣሉት» ይላሉ። ሬዲዮው ለአባቴ የቅርብ ወዳጅ ያህል ስለሆነ፣ እዚያ ከመድረሳችን በፊት ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)

በእኛ ቤት ቴሌቪዥኑ እየጠፋ ሲያስቸግረን ስታቢላይዘር ገዝተን ተገላግለናል። መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ይሆናልና እርስዎም ቢሞክሩት መልካም ነው።

መልስ (ከደብረ ሲና፣ በኤሌክትሪክ ጥገና የምተዳደር)

ሬዲዮውን አይጣሉት፤ ጥፋተኛውን ፈልጎ የሚያገኝልዎ እርሱ ራሱ ነው። ስታቢላይዘር የሚጠቅመው ቮልቴጁን ወደ 220 ለማስጠጋት ሲሆን፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ከመስመሩ ጋር ስለማይገናኝ ወጪው ከንቱ ይሆናል። ምጣዱም ቢሆን በሚግል ሽቦ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ብዙ ኃይል ስለሚስብ መብራቱን ያደበዝዝ፣ ሲበራና ሲጠፋም በሬዲዮው ውስጥ አንዲት «ቋ» የምትል ድምፅ ያሰማ ይሆናል እንጂ ያለማቋረጥ አይጮኽም።

እኔ የምጠረጥረው አምፖሎቹንና የስልክ ቻርጀሮቹን ነው። በውስጣቸው ያለው ትንሽ ሰርኪዩት ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያበራና እያጠፋ ወደሚፈለገው መጠን ያወርደዋል፤ ከዚህም የሚወጣው ትርፍ ሞገድ ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው የአጭር ሞገድ ክልል ውስጥ ይገባል። በደንብ የተሠራ ዕቃ ይህን የሚያግድ ማጣሪያ አለው፤ በርካሹ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል።

ማታ ጩኸቱ ሲጀምር ሬዲዮውን በባትሪ ድንጋይ አብርተው ዋናውን ብሬከር ያጥፉ። ጩኸቱ አብሮ ከጠፋ ምንጩ ከቤትዎ ነው፤ ካልጠፋ ከጎረቤት ይፈልጉት። ከዚያም ሶኬቱን ሁሉ ነቅለው፣ አምፖሉን ሁሉ አጥፍተው፣ ብሬከሩን ይመልሱና አንድ በአንድ ያብሩ። ካልለየልዎ መካከለኛ ሞገድ ላይ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ያድርጉትና ሬዲዮውን በእጅዎ ይዘው ቀስ ብለው ያዙሩት፤ በውስጡ የተጋደመው የአንቴና ዘንግ ጫፉን ወደ ምንጩ ሲያቀና ጩኸቱ ስለሚደክም፣ አቅጣጫውን ይጠቁምዎታል።

መልስ (ከመንዝ)

እኛ የምንጠቀመው ሶላር ሲሆን፣ ባትሪውን የሚሞላው መቆጣጠሪያ ተመሳሳይ ጩኸት ነበረው። ሬዲዮውን ሁለት ሜትር ያህል ማራቅ ብቻ ግማሹን ቀነሰልን፤ የቀረውን ያቃለለልን ፌራይት ነው። በአሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን ገመድ ጫፍ አካባቢ የምትታየውን ጥቁር ጉብታ ያስታውሱ፤ ፌራይት እርሷ ናት። ጥገና ቤት ቀለበት የሚመስለውን ካገኙ፣ የቻርጀሩን ገመድ ሳይቆርጡ ሦስት አራት ዙር በቀለበቱ ውስጥ ያሳልፉት፤ ዙሩ ሲበዛ የማገድ ኃይሉ ይጨምራል።

አምስት ሜትር ያህል ሽቦ ከቤት ውጭ ዘርግቶ ከሬዲዮው አንቴና ጋር ማያያዝም ይረዳል። ሽቦው ግን ከኤሌክትሪክ መስመር ፈጽሞ መራቅ አለበት፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ አስቀድመው ይንቀሉት።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ብሬከሩን ባጠፋሁ ጊዜ ጩኸቱ ቀጥ አለና የዜና አንባቢዋ ድምፅ ጨለማው ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ አባቴም «መብራቱ ይቅርብን» አሉ። አንድ በአንድ ስናበራ ከሰባቱ አምፖሎች ሁለቱ ጥቂት ይረብሻሉ፤ ዋናው ግን እኔ ማታ ማታ በአባቴ ራስጌ ስልኬን የምሰካበት ቻርጀር ሆኖ ተገኘ። እርሱን ከስልኩ ጋር በመጣው ቻርጀር ተክቼ፣ ሁለቱን አምፖሎች ወደ ውጭው ማድ ቤት አዛውሬያለሁ። እናቴም ምጣዱን ማማት ትተዋል። የአንቴናውን ሽቦ ክረምቱ ካለፈ በኋላ እዘረጋለሁ።