«ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» ማለት ይበቃል ወይ?

የቡድኑ አስተባባሪ፦
የዛሬው ርዕስ በየዓመቱ ከጥምቀት ማግስት የሚያጨቃጭቀን ነው። የጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛ ፎቶ በየገጹ ይለጠፋል። ከሥሩ «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» ይላል። ይህ ምንጭ መጥቀስ ነው ወይስ ስርቆት? ስድብ የጻፈ ከቡድኑ ይወጣል።

ሌንሱ፦
ስርቆት ነው፣ አለቀ። ማኅበራዊ ሚዲያ ካሜራ ተሸክሞ ሌሊት አይነሳም፤ የተነሳው ሰው ነው። አንድ ሆቴል ፎቶዬን ማስታወቂያ ላይ አውሎት ስጠይቃቸው «ኢንተርኔት ላይ አገኘነው» አሉኝ። በቃ፣ መልሱ ይኸው ነበር።

የገጽ አድሚን፦
ወንድሜ ረጋ በል። የኔ ገጽ ሳንቲም አያስገባም። ፎቶው እኔ ጋ የሚደርሰው ስንት ቴሌግራም ቻናል ዞሮ ነው። የማን እንደሆነ በምን ልወቅ? ደግሞ እኛ ስናጋራው አይደል እንዴ የምትታወቁት?

ሌንሱ፦
በመታወቅ የቤት ኪራይ አይከፈልም። ጎግል ላይ በምስል ፈልግ፣ ደቂቃ አይፈጅም። ስሜንማ ጥግ ላይ ጽፌበት ነበር። ቆርጠው ጣሉት።

ሕግ አንባቢዋ፦
ስም የመጻፉ ነገር ከምታስቡት በላይ ከባድ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው እንደተፈጠረ ጥበቃ ይሰጣል፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ፎቶግራፍ ላይ ሲደርስ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ፎቶው የስብስብ አካል መሆን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተም፣ ወይም የባለቤቱን ወይም የወኪሉን ፊርማ ወይም አድራሻ መያዝ አለበት። ስለዚህ ባዶውን የለቀቃችሁት ነጠላ ፎቶ ፍርድ ቤት ሊያስቸግራችሁ ይችላል። እኔ በበኩሌ ይህ አንቀጽ ለስልክ ካሜራ ዘመን አይሆንም ባይ ነኝ። እስኪለወጥ ግን ሕግ ነው።
አድሚን፣ አንተም አትደሰት። ለዜና ዘገባ የተወሰነ ፈቃድ አለ፤ ያኔም የባለቤቱ ስም ይጠቀሳል። ለሆቴል ማስታወቂያ ግን ስም መጥቀስ ፈቃድን አይተካም።

ጋሽ የድሮው፦
ልጆቼ፣ በኛ ጊዜ ፎቶ ቤቱ ከጀርባው ማኅተም ይመታበት ነበር። አሁን ፎቶው ላይ ትልቅ ስም ትጋርጡበታላችሁ፣ ታቦቱ እንኳ አይታይም! ለማን ልታሳዩት ነው?

ሌንሱ፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ያስጠላል። ግን ፌስቡክ ላይ ሲጫን ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው መረጃ አብዛኛው ይጠፋል። የማኅተሙ ምትክ ያ ነበር። ታዲያ ምን እናድርግ?

ከዲሲ፦
ስም ብቻ አያድንም፤ ዛሬ ኤአይ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ከካሜራው የወጣውን ትልቁን ፋይል ቤት አስቀምጡ፤ ትንሹን ልቀቁ። ትልቁ በማን እጅ እንዳለ ሲታይ ብዙ ክርክር እዚያው ያበቃል።
የኔ ችግር ደግሞ ድረ ገጽ ነው። ጽሑፌን ከነፎቶው ገልብጠው የራሳቸው አደረጉት። ሰዎቹ መልስ ነፍገውኝ ድረ ገጹን ለሚያስተናግደው የአሜሪካ ድርጅት ጻፍኩ። እዚህ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዲኤምሲኤ የሚባል ሕግ አለ፤ ያለፈቃድ የተለጠፈ ሥራ እንዲነሳ የሚጠየቅበት ነው። የኔን ሥራ፣ የተገለበጠበትን ሊንክ፣ አድራሻዬንና ፊርማዬን ላክሁ፤ አነሱት። ጠበቃ አላስፈለገኝም። አዲስ አበባ ሆናችሁም መላክ ትችላላችሁ።

የገጽ አድሚን፦
ይኸው ነው የምፈራው። ያልሆነ ሰው «የኔ ነው» ብሎ ቢከሰኝስ?

ከዲሲ፦
ላነሳብህ ድርጅት ተቃውሞ ታስገባለህ። ከሳሹ ፍርድ ቤት ካልሄደ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለስልሃል። ችግሩ ትንሽ ገጽ ያላቸው ሰዎች ፈርተው ዝም ይላሉ፣ ያ እውነት ነው።

ሕግ አንባቢዋ፦
ጋሼ፣ የድሮ ፎቶ ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ በኛ አዋጅ የፎቶ ጥበቃ ከተሠራበት ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ያ ያለፈበት ነፃ ነው። በነፃ እንዲዞርለት የሚፈልግም ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው፣ ባለቤቱ ለሁሉም አስቀድሞ በሚሰጠው ፈቃድ ይልቀቀው። ከነዚህ ውስጥ ስም መጥቀስ ብቻውን የሚበቃበት ፈቃድ አለ። ዋናው ነገር ያንን የሚወስነው አድሚኑ ሳይሆን አንሺው መሆኑ ነው።

የገጽ አድሚን፦
እሺ ሌንሱ፣ እኔ ገጽ ላይ ያንተ የትኛው ነው? በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ስምህን እጽፍበታለሁ።

ሌንሱ፦
የፈረሰኞቹ። ለጊዜው አንሳው፣ ከዚያ ጠይቀኝ። እፈቅድልህ ይሆናል።