ጓደኛዬን በመልኳ የሚሰድባት አለቃ አለ፣ የት ነው የሚከሰሰው? (ኮምቦልቻ)

የቦርከና ልጅ
ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራ፣ ቤትም አብረን የተከራየን ጓደኛ አለችኝ። የቤኒሻንጉል ልጅ ናት፣ ጠቆር ያለች። የሺፍታችን ሱፐርቫይዘር አንድም ቀን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «አንቺ ባሪያ» ነው የሚላት፣ ያውም በሰው ፊት። መጀመሪያ ሰሞን ሌሎቹ ቀልድ ነው እያሉ ይስቁ ነበር፣ እኔም እውነቱን ልናገር ዝም ብዬ ነበር፣ አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኦቨርታይም ሲመድብ ዘለላት። ለምን ብላ ስትጠይቀው «ለናንተ ዘር ይሄም ይበዛበታል» አላት።

ማታ እራቷን ሳትበላ ተኛች። «የት ሄጄ ልናገር? ማን ይሰማኛል? አገሬ አይደለም» አለችኝ። ይቺ «አገሬ አይደለም» ያለቻት ነገር አንጀቴን በላችው። ወሎ ነው እኮ ያለነው!

ይሄ ነገር በሕግ ያስጠይቃል ወይ? ፖሊስ ነው የሚኬደው ወይስ ሠራተኛ ጉዳይ? ሌላው፣ የግቢያችን እናቶች ራሳቸው በዚያችው ቃል እንደ ዋዛ ነው የሚጠሯት፣ ክፋት ኖሯቸው አይደለም። ለነሱስ እንዴት ይነገራል?

ጦሳ ስር
አብሽሪ እህቴ፣ ያስጠይቃል። ሕግ ነው የተማርኩት፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ ላይም ሠርቻለሁ። ሁለት ነገር ተደባልቆብሻል፣ ለይተሽ ያዢው።

ስድቡ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ግን ፖሊስ በራሱ ተነስቶ አይከስም፣ እሷ ራሷ አቤት ማለት አለባት። ጊዜውም 3 ወር ነው፣ ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸነፈው፣ ሲያስብ ሲያወላውል ያልፍበታል።

ኦቨርታይሙ የሥራ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 14 አሠሪም ሆነ የሥራ መሪ ሠራተኛን በብሔር እንዳይለይ ይከለክላል። መጀመሪያ ለኤችአር (ለፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል) በጽሑፍ ታመልክት። ሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱ ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ አስፈርሙበት፣ በቃል የተነገረ አቤቱታ ነገ «አልሰማሁም» ይባላል። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ እዚያም ንገሩ። ካልሆነ የከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ጋ ይኬዳል። አያድርገውና በዚህ ሰበብ ካባረሯት፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ለመክሰስም 3 ወር ብቻ ነው ያለው።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠቅሰው የ2012ቱን የጥላቻ ንግግር አዋጅ ነው፣ ቁጥር 1185። እሱ የሚይዘው በብሮድካስት፣ በኅትመት ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ የተሰራጨን ነው፣ ቅጣቱም እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ሰውዬው በቴሌግራም ግሩፕ ወይም ፌስቡክ ላይ ሕዝቧን የሚያስጠላ ነገር ከጻፈ ስክሪንሾት አድርጊና ያዢ። ሥራ ቦታ በአፉ የተናገረው ግን በዚህኛው አይገባም።

ኢሰመኮም አለ፣ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን። አቤቱታ ሲቀበል ክፍያ የለውም፣ በጽሑፍም በቃልም ይቀበላል። እሷ ካልቻለች ዘመድ ወይም ሌላ ሰው ሊያቀርብላት ይችላል። «አገሬ አይደለም» ላለችው ደግሞ ሕገ መንግሥቱን አሳዪያት። አንቀጽ 25 በዘርና በቀለም ማበላለጥን ይከለክላል፣ አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል ይኑር ይላል።

የሰኞ ገበያዋ
እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ መልኬ ግን እንደ ጓደኛሽ ነው። ያንን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው የኖርኩት።

ማንም ጋ ከመሄድሽ በፊት እሷን ጠይቂያት። እኔ ወጣት እያለሁ አንዲት ጎረቤታችን፣ ነፍሷን ይማረውና ለኔው ብላ፣ ሳትጠይቀኝ ሄዳ ከሰሰችልኝ። ፖሊስ ግቢያችን መጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያወራው ስለ ሰዳቢው ሳይሆን ስለ እኔ ነበር፣ ለወራት ከቤት መውጣት አስጠልቶኝ ነበር። የምትፈልገው ፍርድ ይሁን፣ ይቅርታ ይሁን፣ ሌላ ሺፍት መቀየር ይሁን፣ የምታውቀው እሷ ናት።

እስከዚያው ደብተር ይኑራት። ቀን፣ ሰዓት፣ የተባለችው ነገር እንዳለ፣ ማን ማን ቆሞ እንደነበረ። በዚያው ቀን ይጻፍ፣ ሲያድር ይዘነጋል።

አንቺስ ትመሰክሪያለሽ? እንጀራሽ እዚያው ፋብሪካ ነውና ይሄን ቀድመሽ ለራስሽ መልሺ። መሀል ላይ ጥለሽያት ከምትሸሺ ባትጀምሪው ይሻላታል።

የሆጤ እድር ጸሐፊ
ለእናቶቹ፦ ሰብስበሽ አታስተምሪያቸው፣ ይቀየሙሻል። ቡና ላይ ነው የሚነገረው፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ፣ ጨዋታው ሲሞቅ። እኛ ሰፈር አንዲት እናት «በፍቅር እኮ ነው የምንላት» አሉኝ። እኔም «እማማ፣ ይሄ ስም ሰው በገንዘብ ይሸጥ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው፣ ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም ነው፣ ያኔ የተወለዱ አዛውንት ዛሬም በሕይወት አሉ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን በስሟ ነው የሚጠሯት፣ ሌላው ሲሳሳትም የሚቆጡት እሳቸው ናቸው።

ደግሞ ሰውዬው ሽማግሌ መላኩ አይቀርም። ሽምግልና ደግ ነገር ነው፣ እኔም እቀመጥበታለሁ፣ ግን «ለሳምንት፣ ለከርሞ» እየተባለ ሲጎተት ያ 3 ወር ያልፋል። ቀኑን ቆጥራችሁ ተቀመጡ።

የቦርከና ልጅ
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አንድ በአንድ አነበብኩላት። አንቀጽ 32 ላይ ስደርስ ድገሚልኝ አለችኝ። ፖሊስ ለጊዜው ይቅር፣ በኤችአር እንጀምር ብላለች። ደብተሩን ገዝተናል፣ የባለፈውንም የምናስታውሰውን ያህል ጽፈናል። እኔም በምስክርነት እፈርማለሁ፣ ወስኛለሁ። ማመልከቻውን ሰኞ ነው የምናስገባው። አንድ ነገር ብቻ፣ ስድቡን ቃል በቃል እንጻፈው ወይስ «ጸያፍ ስድብ» ብለን እንለፈው? እሷ መጻፉ አሳፍሯታል።

ጦሳ ስር
ቃል በቃል። «ጸያፍ ስድብ» ካላችሁ እሱ «ሰነፍ ነው ያልኳት» ይላል። እጇ እምቢ ካላት አንቺ ጻፊላት፣ እሷ ትፈርም።