የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ታሪክ፦ የመጽሐፉ ዕቅድ (ደሴ፣ ከአባላቱ ግሩፕ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። 80 ገጽ፣ 500 ቅጂ፣ ምርቃቱ ወሎ ባሕል አምባ። የድጋፍ ማመልከቻው ዓርብ መግባት አለበት። የሽፋኑን ፎቶ አያይዣለሁ፤ ባቲ የተነሣነው ነው። አስተያየት በምዕራፎቹ ላይ ብቻ።

ክራር፦ ምዕራፍ አንድ ለምን በ1916 ይጀምራል? ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ልጆች ከእኛ ጋር ምን አገናኛቸው? እነሱ ጥሩምባ ነፉ፣ ያውም አዲስ አበባ። እኛ አብዮቱ የወለደን ነን። ከቀበሌ ጀምሩ። የሽማግሌዎቹን ቃል እኔ እየዞርኩ እቀዳለሁ።

አኮርዲዮን፦ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዘመናዊ መሣሪያ እዚህ አገር እንዴት እንደገባ ሳይነገር አኮርዲዮን ደሴ ምን ልትሠራ መጣች ይባላል? «የፈረንጅ ሳጥን» እያልክ ስትስቅብኝ የነበርከው አንተው ነህ።

ተወዛዋዥ፦ ምዕራፍ ሦስት ይስተካከል። «ቀበሌዎች ለላሊበላ ኪነት ተተኪ አፈሩ» ይላል። አፈሩ? ድምፁ ያማረውን፣ እስክስታው የሰመረለትን ክፍለ ሀገር እየመጣ መረጠብን እንጂ! ማሪቱ ለገሠ የወጣችበት ቡድን ነው፣ ክብሩን አልነሣም። ግን ወሎ ሲባል ላሊበላ፣ ጎንደር ሲባል ፋሲለደስ፣ ጎጃም ሲባል ጊሽ ዓባይ። በቃ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በዘማች ሽኝት ጉሮሮው እስኪዘጋ የዘፈነውን የቀበሌ ልጅ ማን ይጻፈው? በ80 ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው የኪነት ቡድን አውሮፓና አሜሪካ ሲዞር እኛ በሬዲዮ ነው የሰማነው። በ83 ደርግ ሲወድቅ ልብሳችንም ከበሯችንም የት እንደገባ አይታወቅም። መጽሐፉ ይኼንን ካልያዘ ብሬን መልሱ።

ከበሮ፦ እውነቷን ነው። ግን ፎቶው ላይ መሃል የቆመው ማነው?

ዋሽንት፦ ሾፌሩ።

ከበሮ፦ ሾፌር ማሲንቆ ይዞ የኪነት መጽሐፍ ሽፋን ላይ ይውጣ?

ማሲንቆ፦ ማሲንቆዋ የእኔ ናት። «እስቲ አንዴ ልያዛት» ብሎኝ ነው። እኔ ጠርዝ ላይ በግማሽ ፊት ቀርቻለሁ። 40 ዓመት ዝም ብያለሁ፣ አሁን ግን አልልም።

ወጣቱ፦ በኮምፒውተር ላጠፋው እችላለሁ፣ ቀላል ነው። ችግሩ ሰውየውን ሳጠፋ ማሲንቆዋ አየር ላይ ትንሳፈፋለች።

ጸሐፊ፦ እባካችሁ ወደ ምዕራፎቹ።

ተወዛዋዥ፦ ሽፋኑ ሳይስተካከል ምን ምዕራፍ አለ?

ዲሲ፦ ሰውየው አባቴ ነው። ኤንትሬ መኪናውን ማን ነዳላችሁ? አንድ ቀን አበል ጠይቋል? እሱ ከፎቶው ከወጣ ቃል የገባሁት 500 ዶላርም አብሮ ይወጣል።

ከበሮ፦ ልጄ፣ ታሪክ በዶላር አይገዛም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሌላ ምን አለን? እስካሁን ከአገር ቤት የገባው 14,000 ብር ነው። ጋሼ ከበሮ የእርስዎ አልገባም።

ከበሮ፦ ይኼ ነው እንግዲህ! በአደባባይ መዋረድ! ከኮሚቴው ውጪ ነኝ።

ዋሽንት፦ አቦ ተዉ። ለሶማሊያው ጦርነት ዘማች ስንሸኝ ጄኔሬተሩ ቀጥ ያለ ዕለት ረሳችሁት? ኤንትሬውን አዙሮ መብራቱን የለቀቀልን እሱ አይደል? ሌሊቱን በመኪና መብራት ነው የዘፈንነው።

ከበሮ፦ አስታውሳለሁ። ጠዋት ባትሪው አልቆ እኛው ገፍተን አስነሣነው። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ አላልኩም። መሃል አይሁን ነው ያልኩት።

ጸሐፊ፦ ክራር፣ ቀረጻውን ጀመርክ?

ጸሐፊ፦ ክራር?

ወጣቱ፦ አንድ ነገር ልበል። ሁሉም በየራሱ ፎቶ እንዲወጣ ካላንደር ለምን አናደርገውም? ለእያንዳንዱ አንድ ወር።

ማሲንቆ፦ ሙሉ ፊት?

ወጣቱ፦ ሙሉ ፊት፣ ጋሼ።

ተወዛዋዥ፦ ይኼ ልጅ ይባረክ። መስከረም የእኔ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከመጽሐፍም ይረክሳል። ለእንቁጣጣሽ ይሸጣል። የ2019ን እናድርገው።

ጸሐፊ፦ ታሪኩስ? ማመልከቻው «የታሪክ መጽሐፍ» ነው የሚለው።

አኮርዲዮን፦ ጀርባው ላይ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ የካላንደር ጀርባ ግድግዳ ነው፣ ጋሼ።

አኮርዲዮን፦ እንግዲያው በየወሩ ሥር ሁለት ሁለት መስመር። አርመኖቹ ይግቡ ብቻ።

ማሲንቆ፦ እኔ ዘንድ ባቲና አምባሰል ይነሡ። ቅኝቶቹ የተጠሩት በእኛ አገር ነው። ሁለት መስመር ይበቃል።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ማመልከቻውን እለውጣለሁ። ታኅሣሥን ለክራር ይዤ ነበር፣ ግን ከግሩፑ ወጥቷል። ታኅሣሥን የሚፈልግ?

ከበሮ፦ ከኮሚቴ ወጣሁ እንጂ ከካላንደር አልወጣሁም። ታኅሣሥ የእኔ።

ዋሽንት፦ ሾፌሩስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ወሩ ሁሉ ተይዟል። ጳጉሜን አለች።

ዲሲ፦ አባቴን ለአምስት ቀን?

ከበሮ፦ 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው። ስድስት ቀን ናት።

ዲሲ፦ እንግዲያው 300 ዶላር እልካለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ 300። ተመዝግቧል።