ላንጋኖ ላይ በመንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎችን ጥናት ከአዲስ አበባ ሆኖ መሥራት ይቻላል?

አራት ኪሎ
ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጥተው ላንጋኖ ላይ በመንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎች በወር ምን ያህል ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ እንደሚያወጡ ለመገመት መጠይቅ እያዘጋጀን ነው። የመረብ አስጋሪው ዓሳ ማራገፊያው ላይ ስለሚሰበሰብ መመዘን ይቻላል፤ የመንጠቆው ግን ሚዛን ሳይነካ መኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ያለን 4 መረጃ ሰብሳቢ፣ 2 ታብሌትና አንድ መኪና ነው። አራት ኪሎና ካዛንቺስ አካባቢ ያሉ አጥማጆች የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ስላለ መጠይቁን እዚያ ብንለቀው ይበቃል? ወይስ ሐይቁ ዳር መውረድ ግድ ነው?

ሚዛንና ገመድ
ግድ ነው። ግሩፑ ውስጥ መጠይቅ የሚሞላው ማጥመድ ነፍሱ የሆነ ሰው ነው። በዓመት ሁለቴ ከቤተሰቡ ጋር ሄዶ መንጠቆ የሚጥለው አይሞላም፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ሊበዛ ይችላል። በዚያ ላይ ከወር በፊት የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ባዶ እጁን የተመለሰበትን ቀን ይረሳል፣ ትልቋን ዓሳ ግን አይረሳም። ስለዚህ ግሩፑን ለአስተያየት ተጠቀሙበት፦ የመጠን ገደብ ቢወጣ ይቀበላሉ? ስንት ዓሳ ይበቃቸዋል? ጠቅላላ ምርት ግን ከዚያ አይወጣም።

ሐይቁ ዳር ሁለት ነገር ለየብቻ ትለካላችሁ፤ የአጥማጅ ሰዓትንና በሰዓት የሚያዘውን ዓሳ። መጀመሪያ ቀኖቹን ክፈሉ። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ቅዳሜና እሁዱ 8 ከሆነ ቀሪው 22 ነው፤ ሥራ ቀን ላይ የዋለ በዓል ካለ ከ22ቱ አውጥታችሁ ወደ 8ቱ ጨምሩት። ከእያንዳንዱ ክፍል 4 ቀን በዕጣ አውጡ። «ለመኪናው የሚመቸን ቀን» ተብሎ የተመረጠ ቀን ናሙና አይደለም።

በወጣው ቀን 4 ጊዜ ቆጠራ አድርጉ፤ ሰዓቱም አቅጣጫውም በዕጣ ይሁን። ቆጠራ ማለት የመረጣችሁትን ዳርቻ ሳትቆሙ ማለፍና በዚያች ቅጽበት መንጠቆው ውኃ ውስጥ ያለውን ሰው መቁጠር ነው። ዘንጉን ሳይሆን ሰውን ቁጠሩ፤ አንዱ ሦስት ዘንግ ሊተክል ይችላል። ዘንጉን ተክሎ ምሳ የገባውስ ይቆጠራል ወይ? ከመውጣታችሁ በፊት ወስኑ፤ አራቱም ሰብሳቢዎች አንድ ዓይነት ያድርጉ። እየቆጠሩ መጠየቅ ክልክል ነው። አንዱን ሲያነጋግሩ ከፊት ያለው ይነሳና ቁጥሩ ያንሳል። ስትሄዱ ቁጠሩ፣ ስትመለሱ ጠይቁ።

ምሳሌ፦ የአንድ ቅዳሜ ቆጠራ 6፣ 14፣ 11 እና 5 ቢሆን አማካዩ 9 ነው። ቀኑ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12፣ ማለትም 12 ሰዓት ስለሆነ 108 የአጥማጅ ሰዓት ይሆናል። ሊሄዱ ሲሉ ያነጋገራችኋቸው ሰዎች በድምሩ 35 ሰዓት አጥምደው 21 ዓሳ ይዘው ከሆነ በሰዓት 0.6 ነው። 108 ሲባዛ በ0.6፣ የዚያ ቀን ግምት ወደ 65 ዓሳ። የ4ቱን ቅዳሜና እሁድ አማካይ በ8፣ የሥራ ቀኑን በ22 አባዙና ደምሩ። ሁለቱን ቀላቅሎ በ30 ማባዛት ቅዳሜን ወር ሙሉ ማድረግ ነው።

ገና እያጠመደ ያለውን ካነጋገራችሁ ስሌቱ ይለያል፤ የእያንዳንዱን ሰው ዓሳ ባጠመደበት ሰዓት ለብቻ አካፍሉና አማካዩን ውሰዱ፣ ከግማሽ ሰዓት በታች የቆየውን አውጡ። አምስት ደቂቃ ቆይቶ አንድ የያዘ ሰው በሰዓት 12 ሆኖ ሁሉን ያበላሻል።

ከሁሉ በላይ ምንም ያልያዘውን ጠይቁ! ሰብሳቢ ባልዲው ወደሞላው ሰው ይሳባል፤ ባዶው ከታለፈ ሐይቁ ያለውን ዓሳ አብዝታችሁ ታያላችሁ፣ ውሳኔውም በዚያ ላይ ይቆማል።

የሐይቅ ዳር
ከላይ ባለው እስማማለሁ። የምጨምረው ሰዓትን ነው፤ የኛ አገር መጠይቅ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ። ሰውየው «ከ1 ሰዓት ጀምሬ» ይላል፣ ታብሌቱ ደግሞ 10፡00 ብሎ ይመዘግባል። ያጠመደው 3 ሰዓት ነው፣ ስሌቱ 9 ያደርገዋል። ኮቦ (ታብሌት ላይ መጠይቅ የሚሞላበት መተግበሪያ) ላይ የመነሻ ሰዓቱን በዝርዝር ምርጫ አድርጉት፤ የሚታየው ጽሑፍ «ጠዋት 1፡00»፣ «ጠዋት 1፡30» ሲሆን ከበስተጀርባ የሚቀመጠው ዋጋ 07፡00፣ 07፡30 ይሁን።

ልኬት፦ አምባዛ ስለሚረዝም ሰሌዳው 1 ሜትር ይሁን፣ ጫፉ ላይ ማቆሚያ ጣውላ ይመታበት። ሰሌዳውንና እጃችሁን አርጥቡ፤ የሚለቀቅ ዓሳ ልጋጉ እንዳይላጥ። አፉን ዘግታችሁ አፍንጫውን ከማቆሚያው አስነኩ፣ ጅራቱን ዘርግታችሁ ያለፈውን ሙሉ ሴንቲ ሜትር ጻፉ። 23.8 ከሆነ 23 ነው። መዝገቡ ላይ 20፣ 25፣ 30 ከበዛ ሰብሳቢው በዓይን እየገመተ ነው ማለት ነው። የቢልጫ ጅራት መንታ ስለሆነ እስከ መገንጠያው ነው ወይስ እስከ ጫፉ የሚለው አስቀድሞ ይወሰን።

አራት ኪሎ
እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሰዎቹ ፈቃድ የምንጠይቅ መስሏቸው ቢሸሹስ? ጾም ላይ የዓሳ ፍላጎት ሲጨምርስ ምን እናድርግ?

ሚዛንና ገመድ
ለመሸሹ፦ ደንብ ልብስ አይልበሱ፣ ከጠባቂ ጋር አይሂዱ፣ ስምና ስልክ አይጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ያዝክ?» ሳይሆን «ዛሬ እንዴት ዋለ?» ይሁን። እምቢ ያለውን «እምቢ» ብላችሁ መዝግቡ፤ ከ10 ሰው 3ቱ እምቢ ካሉ ያ ራሱ መረጃ ነው።

ለጾሙ፦ ዐቢይ ጾምን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጉ፣ የራሱ 4 ቅዳሜና እሁድ፣ የራሱ 4 ሥራ ቀን። መጨረሻ ላይ «ዓሳውን ምን ያደርጉታል?» ብላችሁ ቤት የሚበላ፣ የሚሰጥ፣ የሚሸጥና የተለቀቀ እያላችሁ በቁጥር ለዩ። የተለቀቀው በሰውየው ቃል ብቻ የተገኘ ስለሆነ በዓይናችሁ ካያችሁት ጋር አትደምሩት። የሚሸጠው ከበዛ ደግሞ ያ ሰው ለሽያጭ የሚያሰግር ነውና ከመዝናኛው ለይታችሁ ያዙት።

የሐይቅ ዳር
ቅጹን አንድ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ሞክሩት፣ ቅርብ ነው። አንድ ሰው ከ5 ደቂቃ በላይ ከወሰደባችሁ ጥያቄ ቀንሱ፤ ዓሳው ፀሐይ ላይ እየዋለ ማንም ቆሞ አይመልስም።