ኮምፒውተር ሳይንስ መግባት እፈልጋለሁ፤ ምርጫው ግን ግራ ገባኝ

የቡሬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ተፈትኜ ከ600 391 አመጣሁ። እናቴ ደስ ብሏት ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ጠርታለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መማር የምፈልገው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ምርጫ ስሞላ የዩኒቨርሲቲ ስም እንጂ የትምህርት ክፍል የሚሞላበት ቦታ አላየሁም። ታዲያ የምፈልገውን ለማን ነው የምናገረው? ወንድሜ «ፋርማሲ ይሻልሻል፣ ኮምፒውተር ቤታቸው ላፕቶፕ ላላቸው ነው» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ላፕቶፕ የለኝም። ትምህርት ቤት አንዱን ኮምፒውተር ለአራት ነበር የምንነካው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመርኩት በስልኬ ነው፤ የክፍላችንን አማካይ ውጤት የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ይሄ ይበቃል ወይ?

አራተኛ ዓመት፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! እኔም ባሕር ዳር ስገባ ይሄው ነገር ነበር የጨነቀኝ። አሁን የምትመርጪው ዩኒቨርሲቲ ነው። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ዓመት ስትጨርሺ ነው። የዚያ ዓመት ጂፒኤሽ (አማካይ ውጤትሽ) ወሳኝ ነው፤ የ12ኛ ውጤት የሚደምሩም አሉ፣ ከግቢ ግቢ ይለያያል።

ስለዚህ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ ሲመጣ «ይሄ ለኮዲንግ ምን ያደርግልኛል» ብለሽ እንዳትንቂ። የዶርሜ ልጅ ከሁላችንም በላይ ኮድ ይጽፍ ነበር። ፍሬሽማን ላይ ሌሊቱን ኮድ ሲጽፍ እያደረ ክፍል ይቀር ነበር፤ ጂፒኤው አልደረሰለትም። አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ሌላው፣ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ወደ ምህንድስና የሚሄዱትና ሌሎቹ ይለያያሉ። እኛ ጋ ኮምፒውተር ሳይንስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አራት ኪሎ፣ ከተፈጥሮ ሳይንሶች ጋር። የተመደብሽበት ግቢ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ሲኒየሮችን ቀድመሽ ጠይቂ።

ሥራ ላይ፦
አንድ ልጨምር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም እንደዚያው። ማመልከቻው ለብቻው ስለሆነ ቀኑ እንዳያልፍሽ።

ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግንም አስቢበት። እሱ 5 ዓመት ነው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ 4። የምሠራው ከሁለቱም ከተመረቁ ልጆች ጋር ነው፤ ሥራ ላይ ልዩነታቸው አይታየኝም። ከመመረቅ በፊት የሚሰጠው መውጫ ፈተና ለሁለቱም አለ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ዳታ ስትራክቸርን (ዳታ በፕሮግራም ውስጥ የሚደራጅበትን መንገድ) በደንብ ከያዝሽ አትቸገሪም።

የሒሳብ መምህር፦
ልጄ፣ ሒሳብ ስንት አመጣሽ?

የቡሬዋ፦
74 ነው መምህር። እንግሊዝኛ ግን 58።

የሒሳብ መምህር፦
ሒሳቡ ደህና ነው። እስክትገቢ ባለው ጊዜ ሎጂክና የስብስብ ሒሳብን (ሴት ቲዮሪን) ከልሺ፣ ፍሬሽማን ላይም ኋላም ዲስክሪት ማት በሚባለው የኮምፒውተር ሳይንስ የሒሳብ ኮርስ ላይ ታገኚያቸዋለሽ። እንግሊዝኛውን ግን በየቀኑ አንብቢ። ጎበዝ ተማሪዎች ጥያቄው ሳይገባቸው ሲወድቁ ብዙ አይቻለሁ።

የቡሬዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። ላፕቶፑስ?

አራተኛ ዓመት፦
እኔ የገዛሁት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው፣ ያውም ያገለገለ። እስከዚያ የግቢው ኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ ነበር የምሠራው፤ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ይሆናል። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፈተና ደግሞ በወረቀት ነው፣ ኮዱን በእስክሪብቶ ነው የምትጽፊው። በደብተር ተለማመጂ፤ ሰሚኮለን (;) ብትረሺ የሚያስታውስሽ የለም። አምስት ሚሊዮን ኮደሮች በሚባለው የመንግሥት የኦንላይን ሥልጠና ላይም ተመዝገቢ፣ ነፃ ነው።

የቡሬዋ፦
ደብተር አለኝ! ዛሬ ማታ ያንን የአማካይ ፕሮግራሜን ስልኬን ሳላይ በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ። ወንድሜንም አጠገቤ አስቀምጬ አሳየዋለሁ።