ውሻዬ ስጠራው አይመጣም፣ ሳልመታው ማስተማር ይቻላል?

የቡቺ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቡቺ ሰባት ወሩ ነው፣ የሐበሻ ውሻ። ቤት ውስጥ ስጠራው ይመጣል። የግቢው በር ሲከፈት ግን ሹልክ ብሎ ይወጣና ብጠራው ብለምነው ዞር ብሎም አያየኝም፣ መኪና እንዳይገጭብኝ ነው የምሰጋው። ዘበኛችን «አንዴ ዱላ ከቀመሰ ይለምዳል» ይላሉ፣ እኔ ግን እንዲመታ አልፈልግም። እባካችሁ ከየት ልጀምር?

ሳሚ፦
አለመምታትሽ ልክ ነው። ተጠርቶ ከመጣ በኋላ ከተመታ፣ ዱላውን የሚያያይዘው ከመጥፋቱ ጋር ሳይሆን ከመምጣቱ ጋር ነው። ሽልማትም እንደዛው ነው፣ በአንድ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልደረሰው ለምን እንደተሰጠው አይገባውም። ከበሩ አትጀምሪ። ሳሎን ውስጥ ትንሽ ራቅ ብለሽ «ቡቺ ና!» በይው፣ ፊቱን ወዳንቺ ሲያዞር ወዲያው «ጎሽ!»፣ እግርሽ ስር ሲደርስ ሥጋውን አጉርሺው። ሲለምድ ግቢ ውስጥ፣ ከዛ በረጅም ገመድ ውጪ። ደግሞ ጠርተሽ ሁልጊዜ የምታስሪው ከሆነ መምጣት ያስጠላዋል፣ ብዙውን ጊዜ አጉርሰሽ መልሰሽ ልቀቂው።

ሄለን፦
የሽምብራ ፍሬ የምታክል የተቀቀለ ጉበት ትበቃለች። ወጥ የነካው ነገር ግን በፍጹም! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠርና አንጀቱን ሊወጋው ይችላል። ጾም ሲገባ ቤት ውስጥ ሥጋ ስለማይኖር፣ ጉበቱን ቀደም ብለሽ በራሱ ድስት ቀቅለሽ፣ ከትፈሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪለት።

ዳኒ፦
በሥጋ የለመደን ውሻ ሌባም በሥጋ ያታልለዋል። የግቢ ውሻ ትንሽ መፍራት አለበት ባይ ነኝ።

ሳሚ፦
ዳኒ፣ ሌባ የወረወረውን ሥጋ እኮ የተመታ ውሻም ይበላዋል። ፈንጂ የሚያሸቱ ውሾች ብዙዎቹ የሚሠሩት ሲያገኙ ለሚወረወርላቸው ኳስ ብለው ነው፣ ሰነፎች አይደሉም። የአሜሪካ የእንስሳት ባህሪ ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 ባወጣው አቋም ለማንኛውም ውሻ፣ የባህሪ ችግር ላለበትም ጭምር፣ በሽልማት ማሰልጠንን ነው የመከረው። ዱላ የሚፈራ ውሻ ደግሞ ሲጨንቀው ልጅም ሊነክስ ይችላል።

የቡቺ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። እስኪለምድ ድረስ በሩንስ እንዴት ላድርግ?

ሄለን፦
ሁልጊዜ አስረሽው ክፈቺ። ለዘበኛውም ጉበት በትንሽ ዕቃ ስጫቸውና እሳቸውም እየጠሩ ያጉርሱት።